የክርስቶስ ልደት ለተጨነቀ ልብ፦ ስለ ተስፋና ሰላም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የልደት በዓል ሲቃረብ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስበናል። መጽሐፍ ቅዱስዎን አጠገብዎ አድርገው ጥቅሶቹን እየገለጡ ቢያነቡ ይበልጥ ይጠቀማሉ።

በዓሉ ደስ ይላል፤ ግን ለእኔ ኑሮ ምን ተስፋ አለው?

የልደት ተስፋ በአንድ ነገር ላይ ቆሟል፦ እግዚአብሔር ራሱ ወደ ሰው መጣ። ዮሐንስ «ቃልም ሥጋ ሆነ» ያለው ይህንን ነው (ዮሐንስ 1፥14)። አመጣጡን ደግሞ ልብ ይበሉ። በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው እናቱ ሕፃኑን ያስተኛችው በግርግም፣ ከብት በሚበላበት ገንዳ ውስጥ ነው (ሉቃስ 2፥7)። በኋላም ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት የተጠቀሰው መሥዋዕት የዋኖስ ወይም የርግብ ጫጩት ነው (ሉቃስ 2፥24)። ይህን ከዘሌዋውያን 12፥8 ጋር ሲያስተያዩት አንድ ነገር ይገለጥልዎታል። ሕጉ የሚያዘው የበግ ጠቦት ነበር፤ ወፎቹ የተፈቀዱት ጠቦት ለማምጣት አቅም ላነሰው ሰው ነው። ማርያምና ዮሴፍ ድሆች ነበሩ።

እንግዲህ ማደሪያ ያጣ፣ የወሩ ወጪ ያስጨነቀው፣ በሰው አገር በር የተዘጋበት ሰው «እግዚአብሔር የእኔን ኑሮ ከየት ያውቀዋል?» ቢል መልሱ እዚህ አለ። ያውቀዋል፤ ኖሮበታል። የዕብራውያን መልእክት በድካማችን ሊራራልን የሚችል ሊቀ ካህናት አለን የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው (4፥15)።

ታዲያ ተስፋ ማለት «ሁሉም ነገር ይስተካከላል» ማለት ነው?

አይደለም። ሁለቱን ሳይለዩ መያዝ ብዙ ሰው እምነቱን እንዲያጣ አድርጓል። «ዘንድሮ ሥራ አገኛለሁ፣ ከሕመሜም እድናለሁ» ማለት ምኞት ነው። ምኞት ኃጢአት አይደለም፤ በጸሎትም ሊቀርብ ይገባዋል። ችግሩ ምኞታችንን የእግዚአብሔር ቃል ኪዳን አድርገን፣ ቀንም ቆርጠንለት ስንጠብቅ ነው። ቀኑ ሲያልፍ እግዚአብሔር የዋሸን ይመስለናል።

ክርስቲያናዊ ተስፋ የሚደገፈው በመጣው በራሱ በክርስቶስ ላይ ነው፦ መጥቷል፣ አይተወኝም፣ ዳግመኛም ይመጣል። ሚክያስ ከቤተ ልሔም ገዥ እንደሚወጣ የተናገረው (5፥2) ልደቱ ሊደርስ 700 ዓመት ያህል ሲቀረው ነበር። በመካከል ብዙ ትውልድ ሳያይ አልፏል። ቃሉ ግን አልወደቀም። ዘካርያስና ኤልሳቤጥም ዕድሜያቸው እስኪገፋ ልጅ ሳያገኙ ኖረዋል፤ ሉቃስ 1፥6 ላይ ግን ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩ አስቀድሞ ይነግረናል። የጸሎት መዘግየት የእግዚአብሔር ቁጣ ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አያስፈልግም።

መላእክት «ሰላምም በምድር» ብለው ዘምረዋል፤ ታዲያ ጦርነት ለምን አልቆመም?

ይህ ጥያቄ የእምነት ማነስ አይደለም። ታሪኩን ጠንቅቆ ያነበበ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ በቂ ጊዜም ይፈልጋል።

ሉቃስ ታሪኩን የሚጀምረው በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ነው (2፥1)። አውግስጦስ በዘመኑ የዓለም ሰላም አምጪ ተብሎ ይወደስ ነበር፤ በሮም ከተማም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት የሰላም መሠዊያ ተመርቆለታል። የእርሱ ሰላም በጦር ሠራዊት የተጫነ ሰላም ነበር። ይሁዳን የሚገዛው ሄሮድስ ደግሞ የገዛ ሚስቱንና ልጆቹን ያስገደለ ንጉሥ ነው፤ ሄሮድዮን የተባለው ምሽጉም ከቤተ ልሔም 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር። እረኞቹ «ሰላምም በምድር» የሚለውን መዝሙር የሰሙት በዚያ ምሽግ አካባቢ ሆነው ነው።

ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ቀጥሎ የሆነውን ሳይሸሽግ ይነግረናል። ሄሮድስ በቤተ ልሔምና በአውራጃዋ ሁለት ዓመትና ከዚያም ያነሱ ወንዶች ልጆችን አስገደለ። ሕፃኑ ኢየሱስም በሌሊት ወደ ግብፅ ተሰደደ። ስለዚህ የልደት ታሪክ ጦርነትና ግፍ የሌለበትን ዓለም አይሥልም። ግፉ ባለበት፣ እዚያው መሐል፣ እግዚአብሔር ሥራውን እንደጀመረ ይመሰክራል።

ምን ዓይነት ሥራ? በመጀመሪያ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ጠብ ይፈታል። መልአኩ ለዮሴፍ «እርሱ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና» ያለው ለዚህ ነው (ማቴዎስ 1፥21፤ ሮሜ 5፥1ንም ይመልከቱ)። ቀጥሎ በሰዎች መካከል ያለው የጥል ግድግዳ ይፈርሳል (ኤፌሶን 2፥14)። ኢሳይያስ «የሰላም አለቃ» ብሎ የጠራው ጌታ (9፥6) ጦርነትን ከምድር ፈጽሞ የሚያስወግድበት ቀን ደግሞ ገና ይጠበቃል። ክርስቲያን የሚኖረው በተጀመረውና በሚጠበቀው መካከል ነው። ሰላሙ ሙሉ በሙሉ ደርሷል ብሎ የሚሰብክ ሰው የተጎዱትን ያሳዝናል፤ ምንም አልተጀመረም የሚል ደግሞ ግርግሙን ባዶ ያደርገዋል።

ጌታ የተወለደው በእርግጥ በዚህ ቀን ነው? ለምንስ ቀኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል?

ወንጌላውያን ቀኑንና ወሩን አልጻፉም። በሮም ዲሴምበር 25 የልደት ቀን ሆኖ ተመዝግቦ የሚገኘው በ4ኛው መቶ ዘመን ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ የዩልዮስ አቆጣጠር ከጎርጎርዮሱ በአሁኑ ጊዜ 13 ቀን ስለሚዘገይ፣ በዚያ የሚጠቀሙ አብያተ ክርስቲያናት ዲሴምበር 25ን ሲያከብሩ በጎርጎርዮሱ ጃንዋሪ 7 ይሆናል። ታኅሣሥ 29ም በአብዛኛው ከዚሁ ቀን ጋር ይገጥማል። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት ጃንዋሪ 6 ታከብራለች። የተስፋው መሠረት መወለዱ ስለሆነ በቀኑ መጨቃጨቅ ለማንም ሰላም አያመጣም።

የልደትን ታሪክ ለብቻዬ ማንበብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ሰባት ቀን ይበቃል፤ በቀን 15 ደቂቃ። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን ኢሳይያስ 9፥1-7ንና ሚክያስ 5፥2-5ን፣ በሁለተኛው ሉቃስ 1፥5-25ን፣ በሦስተኛው ሉቃስ 1፥26-56ን፣ በአራተኛው ማቴዎስ 1፥18-25ን፣ በአምስተኛው ሉቃስ 2፥1-20ን፣ በስድስተኛው ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን በሙሉ፣ በሰባተኛው ሉቃስ 2፥21-40ንና ዮሐንስ 1፥1-18ን ያንብቡ።

ክፍሉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ድምፅዎን አሰምተው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ የፈራው ማን ነው? ምንስ ተባለ? ዘካርያስ «አትፍራ» ተብሏል (ሉቃስ 1፥13)፤ ማርያም «አትፍሪ» ተብላለች (1፥30)፤ ዮሴፍ እጮኛውን ለመውሰድ እንዳይፈራ ተነግሮታል (ማቴዎስ 1፥20)፤ እረኞቹም «አትፍሩ» ተብለዋል (ሉቃስ 2፥10)። የአራቱም ፍርሃት አንድ ዓይነት አይደለም። የዘካርያስ ቅዱስ ነገር ፊት የመቆም ድንጋጤ ነው፤ የዮሴፍ የስም መጥፋትና የትዳር ጉዳይ ነው። የራስዎ ፍርሃት ለየትኛው እንደሚቀርብ በአንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ይጻፉትና ያንኑ ጸሎት ያድርጉት።

ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፉ ነገሮች አሉ። በስልክ የሚያነብ ሰው መልእክት በመጣ ቁጥር ይቋረጣል፤ ስለዚህ የታተመ መጽሐፍ ይሻላል፣ ከሌለ የስልኩን ኢንተርኔት መዝጋት ነው። አንድ ቀን ያመለጠው ሰው በማግስቱ ሁለቱን ለመሸፈን ሲሞክር ይደክመውና ያቆማል። አያካክሱ፤ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ከሁሉ የከፋው ግን የማቴዎስ 2ን ሁለተኛ አጋማሽ «ለበዓል አይሆንም» ብሎ መዝለል ነው። የተጨነቀ ሰው ራሱን የሚያገኘው ከምንም በላይ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

የምወደውን ሰው በሞት አጥቻለሁ። ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔ ይብስብኛል። ምን ላድርግ?

በበዓል ቀን ሐዘን መበርታቱ ያለ ነገር ነው። የጎደለው ሰው ቦታ ከሌላው ቀን ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ጳውሎስ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ሲል (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13) አትዘኑ ማለቱ አይደለም፤ ኢየሱስም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐንስ 11፥35)።

ማቴዎስ የቤተ ልሔምን እናቶች ሐዘን እንዴት እንዳቀረበው ይመልከቱ (2፥18)። ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፤ «መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና»። ከዚህ በኋላ ማብራሪያ የለም። «ለበጎ ነው» የሚል ቃልም አልጨመረም። ልቅሶው በወንጌል ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። እግዚአብሔር ቃሉ ውስጥ ለሐዘንተኛ እናት ይህን ያህል ስፍራ ከሰጠ፣ እርስዎም ፊትዎን አስመስለው ወደ እርሱ መቅረብ አይጠበቅብዎትም።

በተግባር ደግሞ፦ ቀኑ ከመድረሱ በፊት የት እንደሚሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሚሆኑና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ይወስኑ። «ቢከብደኝ ቶሎ እወጣለሁ» ብለው ለጋባዡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ማንም አይቀየምም። የሟቹን ስም አንሥቶ ማውራት የሚፈሩ ዘመዶች ካሉ እርስዎ ቀድመው ያንሡት፤ ዝምታው የሚከብደው ከስሙ በላይ ነው። ጸሎት ከጠፋብዎት መዝሙር 13ን (በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር 12ን) እንደ ራስዎ ጸሎት ያንብቡ። አጭር ነው፤ «እስከ መቼ?» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ይለምናል፣ በመጨረሻ ይታመናል። ሦስተኛው ላይ መድረስ ካልቻሉ ለዛሬ በመጀመሪያው ላይ ይቁሙ። መዝሙር 88 (87) እስከ መጨረሻው ድረስ ጨለማ ነው፤ እርሱም ጸሎት ነው።

ሐዘንተኛን ልታጽናኑ ለምትሄዱ ደግሞ፦ «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» አትበሉ። ምን እንደሚፈልግ ከመጠየቅ ይልቅ አንድ የተወሰነ ነገር ይዛችሁ ቅረቡ፤ «እሑድ ጠዋት መጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን» እንደማለት። ካልፈለገ ይነግራችኋል።

ከቤተሰቤ ጋር ተጣልቻለሁ። በዓሉን ምክንያት አድርጌ ልታረቅ?

መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ጊዜውና አቀራረቡ ወሳኝ ናቸው። ብዙ እርቅ የሚበላሸው በዓሉ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በድንገት ሲሞከር ነው። የተጎዳው ሰው በሰው ፊት «ይቅር አልኩ» እንዲል ይገደዳል፤ ቂሙ ግን ውስጡ ይቀራል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው፣ ለብቻ፣ ቢቻል በአካል ካልሆነም በስልክ ያነጋግሩት። በጽሑፍ መልእክት ግን አይሁን፤ ድምፅ የሌለው ይቅርታ በቀላሉ በሌላ ይተረጎማል።

ሲናገሩ ጥፋቱን በስሙ ይጥሩት፦ «ያኔ በሰው ፊት ያልኩህ ነገር ስሕተት ነበር፤ አዋርጄሃለሁ።» «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» የሚለው አነጋገር ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ ስሜት ያዞራል። ከይቅርታው በኋላ «ግን አንተም…» ብለው አይቀጥሉ፤ የእርስዎን ቅሬታ ለሌላ ቀን ያቆዩት። መልስም ወዲያው አይጠብቁ። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ስለሚል፣ የእርስዎን ድርሻ ከተወጡ በኋላ ሌላው እምቢ ቢል ሰላምዎን የሚነሣ በደለኝነት አይኖርብዎትም።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። የሚደበድብ፣ የሚያስፈራራ ወይም ልጆችን የሚጎዳ ሰው ካለ፣ ይቅር ማለት ወደ እርሱ ቤት መመለስ ማለት አይደለም። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ መልአኩ ዮሴፍን «ታረቅ» አላለውም፤ ተነሥቶ እንዲሸሽ ነገረው (ማቴዎስ 2፥13)። ከአደጋ መሸሽ የሰላም አለቃውን ሕይወት ያተረፈ መታዘዝ ነው።

ከእግዚአብሔር ርቄ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በልደት ቀን ብቻ ብመጣ ግብዝነት አይሆንም?

ይምጡ። ማቴዎስ ወንጌሉን የጀመረበትን የትውልድ ዝርዝር ያንብቡ። ከእናቱ ከማርያም ሌላ አራት ሴቶች ተጠቅሰዋል፦ ትዕማር፣ ረዓብ፣ ሩት፣ የኦርዮ ሚስት። ረዓብ ጋለሞታ ነበረች፤ ሩት ሞዓባዊት ናት፤ የኦርዮ ሚስት ስትጠቀስ የዳዊት ዝሙትና ግድያ አብሮ ይታወሳል። ማቴዎስ እነዚህን ስሞች መዝለል ይችል ነበር፤ አልዘለለም። ያደፈ ታሪክ ያላቸው ሰዎች የመድኃኒቱ ዘመዶች ሆነው ተጽፈዋል። ግብዝነት የሚሆነው መጥቶ ምንም እንዳልሆነ ማስመሰል ነው። ንስሐ ለመግባት ወደ ካህንዎ ወይም ወደ መጋቢዎ ሲሄዱ በበዓሉ ዋዜማ ሰው ስለሚበዛባቸው ከጥቂት ቀን በፊት ቀጠሮ ይያዙ።

እጸልያለሁ፣ አነባለሁ፣ ግን ምንም አይሰማኝም።

ሰላም ሁልጊዜ እንደ ስሜት አይመጣም። ማርያም እረኞቹ የነገሯትን ወዲያው እንደተረዳችው አልተጻፈም፤ «በልብዋ እያሰበች ትጠብቀው ነበር» ነው የሚለው (ሉቃስ 2፥19)። እርስዎም ያነበቡትን ይያዙት፤ ስሜትዎን በየሰዓቱ አይለኩ።

ነገር ግን እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡና ምንም ነገር አለማስደሰቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ መድኃኒት መውሰድና መጸለይ አይጣሉም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ለነገ አያሳድሩት፤ ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህ ቢጠነክር ኖሮ» ማለት ቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

ለልጆች እንዴት እናስረዳ?

በመጽሐፉ ያለውን ብቻ ይንገሯቸው፤ በቂ ነው። ሰብአ ሰገል ሦስት መሆናቸው በማቴዎስ አልተጻፈም፤ ሦስት የሆኑት ስጦታዎቹ ናቸው፦ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ። ሕፃኑን ያገኙትም ቤት ውስጥ ነው (2፥11)። ልጆች እንዲህ ያለ ዝርዝር ይወዳሉ፤ ጥቅሱን ራሳቸው እንዲፈልጉ ቢያደርጓቸው አይረሱትም። የሕፃናቱን መገደል ለትንንሾቹ «ክፉ ንጉሥ ሊጎዳው ፈለገ፤ እግዚአብሔር አስመለጠው» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። ከፍ ያሉት ግን «ሌሎቹ ልጆችስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ መልስ አይፍጠሩ። እግዚአብሔር የእናቶቻቸውን ልቅሶ እንዳስጻፈና ያ ሕፃን አድጎ ራሱ በግፈኞች እጅ እንደሞተ፣ እንደተነሣም ይንገሯቸው።

በዓሉ ሲያልፍ ሰላሙም አብሮ ይጠፋብኛል። እንዴት ላቆየው?

በዓሉን የአንድ ቀን ጉዳይ አያድርጉት። በሕጉ መሠረት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40ኛው ቀን የሚፈጸም ሥርዓት ነበር፤ ስምዖንና ነቢይቱ ሐና ሕፃኑን ያዩት ያኔ ነው (ሉቃስ 2፥22-38)። ሁለቱም የዕድሜ ልክ ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ ሐና ከባልዋ ጋር የኖረችው 7 ዓመት ብቻ ነው፣ የቀረው ዘመኗ በመበለትነት አልፏል። ስምዖንም «በሰላም ታሰናብተዋለህ» ብሎ በዘመረበት አፍ ለማርያም በነፍስዋ ሰይፍ እንደሚያልፍ ነግሯታል። ስለዚህ እስከ 40ኛው ቀን ድረስ ማንበብዎን ይቀጥሉ። የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፎች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካነበቡ 22 ይቀራሉ። በቀን አንድ ምዕራፍ ቢሄዱ 18 ቀን ይተርፍዎታል፤ የማይመችዎት ቀን ቢያጋጥም ይዝለሉት፣ ወይም ከበድ ያለውን ምዕራፍ ለሁለት ይክፈሉት። ከእርስዎ ጋር የሚያነብ አንድ ሰው ቢያገኙና በሳምንት አንዴ ስለ አንድ ምዕራፍ ብትነጋገሩ የመቋረጥ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።